የሚያዝን ልብና የሐዘን ዜማ

ኢሞ ስለሚባለው ሙዚቃና ስለሚከተሉት ወጣቶች፥ ለክርስቲያን ጠባይ የሚሆን ትምህርት



እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ የሰው ዓይን ግን አስቀድሞ የሚያርፈው በጠጕርና በልብስ ላይ ነው። ወጣቱ ጥቁር ለብሶ፥ ጠጕሩን ባንድ ዓይኑ ላይ ጥሎ፥ ዓይኑንም ተኵሎ ከጓዳ ሲወጣ፥ አባት ይቈጣል፤ እናት ታፍራለች፤ ጎረቤትም ይሥቃል። «ልጄ ሆይ፥ ለምን አዘንህ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ይህችም ትንሽ ጽሑፍ የተጻፈችው፥ ሐዘንተኛውን ሳንሰማ በልብሱ እንዳንፈርድበት፥ ሐዘንተኛውም በሐዘኑ ውስጥ ቤቱን እንዳይሠራ ለማሳሰብ ነው። በውስጧ የሚቈጠሩትም ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ይህ ሙዚቃ ከወዴት እንደ መጣ

ኢሞ የሚባለው ስም፥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ስሜት» ማለት ከሆነው ቃል ተቈርጦ የወጣ ነው። መነሻውም የአሜሪቃ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ናት። በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በዚያች ከተማ ሃርድኮር ፐንክ የተባለውን ሙዚቃ የሚጫወቱ ወጣቶች ነበሩ። ዜማቸው እጅግ ፈጣን፥ ድምፃቸው ጩኸት፥ ነገራቸውም ቍጣ ነበረ፤ በሚሰበሰቡበትም ቦታ ድብድብ እየበዛ ሄደ። በ1984 ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ የተባለ የሙዚቀኞች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1985ም የመጀመሪያውን ትልቅ ሸክላ አወጣ። እነዚህ ሰዎች ያን ብርቱ ዜማ ሳይተዉ፥ ነገሩን ከአደባባይ ወደ ልብ መለሱት፤ ስለ ጠፋ ወዳጅነት፥ ስለ ጸጸት፥ ስላለፈም ዘመን ዘፈኑ። ሰዎች ኢሞ ብለው በጠሩአቸው ጊዜ ግን እነርሱ ራሳቸው ስሙን አልወደዱትም።

ከዚያ በኋላ ሙዚቃው ወደ ሌሎች ከተሞች አለፈ። በ1994 በሲያትል ከተማ ሳኒ ዴይ ሪል ኢስቴት የተባለው ማኅበር «ዳያሪ» የተባለውን ሸክላ አወጣ፤ ትርጓሜውም የዕለት ማስታወሻ ማለት ነው። ብዙ ሳይቈይ የማኅበሩ ዘፋኝ ጀረሚ ኢኒክ የክርስትናን እምነት ተቀበለ። እንግዲህ በዚህ ዜማ የሚያለቅስ ሁሉ እግዚአብሔርን የማይፈልግ ነው ብለን ለመፍረድ አንቸኵል።

በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒውዮርክ ከተማ ሁለቱ ታላላቅ ሕንጻዎች በጠላት እጅ ሲፈርሱ፥ ጀራርድ ዌይ የተባለ ወጣት በዓይኑ አየ። ያየውም ነገር ሕይወቱን ምን እንደሚያደርግባት እንዲያስብ አስገደደው፤ ከዚህም የተነሣ በኒው ጀርሲ ማይ ኬሚካል ሮማንስ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። በ2006 ያወጡት «ዘ ብላክ ፓሬድ» የተባለው ሸክላ፥ በካንሰር በሽታ ሊሞት ስለ ቀረበ ሰው የሚናገር ነው። በዚህ ዘመን ሙዚቃው በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ ወጣቶችም በአለባበሳቸው ይተዋወቁ ጀመር። ጥቁር ልብስ፥ የጠበበ ሱሪ፥ ዓይን የሚሸፍን ጠጕር፥ ወንዱም ሴቱም የሚኳሉት ኩል ምልክታቸው ሆነ። ከውጭ ያየ ሰው «እነዚህ ሞትን ይወዳሉ» አለ፤ የጠየቀ ሰው ግን ብዙዎቹ ሞትን አይተው የፈሩ፥ ወይም ብቸኝነት የከበዳቸው መሆናቸውን አወቀ።

፪. ዓለም ያደረገባቸው ነገር

በእንግሊዝ አገር አንዲት ልጅ ራሷን አጥፍታ፥ በ2008 የሞቷ ምክንያት በተመረመረ ጊዜ፥ ይህን ሙዚቃ ትወድ እንደ ነበረ ተነገረ። አንዳንድ ጋዜጦችም ጥፋቱን ሁሉ በሙዚቃው ላይ ጣሉ። ሙዚቃውን የሚወዱ ወጣቶች ግን በለንደን ሰልፍ ወጥተው ስማቸው በሐሰት እንደ ጠፋ ተናገሩ፤ ማይ ኬሚካል ሮማንስም ራስን መግደልን እንደሚቃወሙ ገልጠው፥ እንዲህ ያለ ጭንቀት ያለበት ሁሉ ለጭንቀቱ መልካም መንገድ እንዲፈልግ መከሩ። አንባቢ ሆይ፥ አስተውል፤ ያዘነ ልብ የሐዘንን ዜማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዜማውን በሐዘንተኛው ቤት ብናገኘው፥ ሐዘኑን የወለደው ዜማው ነው ማለት አይደለም። ለቅሶ ቤት ሙሾ ቢሰማ፥ ሙሾ አውራጇ ሟቹን ገደለችው እንላለንን?

በዚያው በ2008 በማርች ወር፥ በሜክሲኮ አገር በኬሬታሮ ከተማ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ኢሞ የተባሉትን ወጣቶች እየፈለገ ደበደበ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ በአገሪቱ ዋና ከተማ እንደዚሁ ያለ ጠብ ተነሣ። በሩስያም በተማሪ ቤቶች ልብሳቸውን የሚከለክል የሕግ ሐሳብ ለምክር ቤት ቀረበ። ከሁሉ የከፋው ግን በ2012 በኢራቅ የሆነው ነው። የዚያ አገር የአገር ግዛት ሚኒስቴር ነገሩን የሰይጣን አምልኮ ነው ብሎ ተናገረ፤ በዚያም ወራት በባግዳድ በጠጕራቸውና በልብሳቸው ከሌላው የተለዩ ወጣቶች ተገደሉ። የሟቾቹ ቍጥር ስንት እንደ ሆነ የተናገሩት ሁሉ አልተስማሙም፤ ነገር ግን አንድ ልጅ እንኳ በጠጕሩ ምክንያት ቢገደል፥ ደሙ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል።

እንግዲህ የነገሩን አካሄድ ተመልከት። መጀመሪያ ሣቅ ነበረ፤ ከሣቅ ስም ማጥፋት መጣ፤ ከስም ማጥፋት ድንጋይ ተነሣ። በልጁ ልብስ ላይ የሚሣቅ ክርስቲያን፥ በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን እርምጃ እንደ ረገጠ ይወቅ።

፫. መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሐዘንና ስለ ዜማ የሚያስተምረን

የሐዘን ዜማ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ፥ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ባልተገኘ ነበር። ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ኢየሩሳሌም መፍረስ የሙሾ መጽሐፍ ትቶልናል። ከመዝሙራትም ብዙዎቹ የጭንቀት ጩኸት ናቸው፤ በዕብራውያን አቈጣጠር 88ኛው መዝሙር በጨለማ ተጀምሮ በጨለማ ይፈጸማል፥ በመጨረሻውም አንድ የመጽናናት ቃል የለበትም። እግዚአብሔር ግን ያን ጩኸት አላፈረበትም፤ በመጽሐፉ ውስጥ አኖረው እንጂ። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንዲያስነሣው ሲያውቅ፥ ስለ ምን ታለቅሳላችሁ ብሎ አልገሠጻቸውም፤ ከሚያለቅሱት ጋራ እርሱም አለቀሰ። በአገራችንም በዓቢይ ጾም በገና ሲደረደር ሰምቶ ዕንባውን ያፈሰሰ ሰው፥ ዜማ የልብን በር እንደሚከፍት ያውቃል።

ነገር ግን ዜማ ወሰን አለው። በአንደኛው መጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተጻፈ፥ ክፉ መንፈስ ሳኦልን ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ ሳኦልም ያርፍ ነበር። ይህ እረፍት እውነተኛ ነበረ። ሆኖም ሳኦል ልቡን ስላልመለሰ፥ ቅንዓቱንም ስላልተወ፥ በሌላ ቀን በገና በሚደረድርለት በዳዊት ላይ ጦር ወረወረ። እንግዲህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ዜማ ለተጨነቀ ሰው እረፍት ይሰጣል፤ ዜማ ብቻውን ግን ልብን አያድንም።

፬. ለወላጆችና ለመምህራን

እናንተ ወላጆች ሆይ፥ የኢዮብን ሦስት ወዳጆች አስቡ። ወዳጃቸውን ባዩት ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ተቀመጡ። ከሥራቸው ሁሉ መልካሙ ይህ ነበረ፤ መሳሳት የጀመሩት አፋቸውን ከፍተው ጥፋቱን መመርመር በጀመሩ ጊዜ ነው። እናንተም አስቀድማችሁ ከልጁ ጋራ ተቀመጡ። የሚሰማውን ዜማ አብራችሁ ስሙ፤ የትኛው ቃል ልቡን እንደ ነካው ጠይቁት፤ መልሱንም ሳታቋርጡ አድምጡ።

ጥቁር ልብስ የሚለብስ ሁሉ ታሞአል ማለት አይደለም፤ ብዙው በዚያ ዕድሜ የሚያልፍ የመልክ ነገር ነው። ነገር ግን ልጁ እንቅልፍና ምግብ ቢያጣ፥ ከወዳጆቹ ሁሉ ቢለይ፥ በሰውነቱ ላይ ራሱ ያቈሰለው ቍስል ቢታይ፥ ወይም መሞት እንደሚሻል ቢናገር፥ ይህን እንደ ልጅነት ነገር አትናቁት። ራስህን ልትገድል ታስባለህን ብላችሁ በርኅራኄ በግልጥ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ እንደማይዘራ ሐኪሞች መርምረው አውቀዋል፤ ዝም ማለት ግን ልጁን ከሐሳቡ ጋራ ብቻውን ይተወዋል። አዎን ቢላችሁ፥ ብቻውን አትተዉት፤ ራሱን የሚጎዳበትን ነገር አርቁለት፤ ፈጥናችሁም ወደ ሐኪም ውሰዱት። ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ጕድለት አይደለም፤ ለተሰበረ እግር ወጌሻ እንጠራ የለምን?

በ2006 በፍሎሪዳ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ወጣት በሐዘንና በሚያሰክር መድኃኒት ተይዛ ራሷን ታቈስል ነበር። ወደ መታከሚያ ቤት ብትሄድ፥ ለጊዜው አንቀበልሽም ተባለች። በዚያን ጊዜ ጄሚ ትዎርኮውስኪና ወዳጆቹ እስክትገባ ድረስ አምስት ቀን ከእርስዋ አልተለዩም፤ ሙዚቃ አብረው ሰሙ፥ አብረው ጸለዩ። እርሱም ታሪኩን ጻፈ፤ ለሕክምናዋ ገንዘብ ይሆን ዘንድ ከናቴራ አሠርተው ሸጡ። የዚያ ሙዚቃ ወዳጆች የሆኑ ብዙ ወጣቶች ያን ከናቴራ ለበሱ፤ ከዚያም ለተጨነቁ ሰዎች እርዳታ የሚሰጥ የምጽዋት ማኅበር ተነሣ። እነሆ፥ አምስት ቀን አብሮ መቀመጥ ያፈራው ፍሬ ይህ ነው።

፭. ለወጣቶች

አንተ ወጣት ሆይ፥ አንቺም እኅቴ ሆይ፥ ሐዘናችሁን ሰው ቢንቀው እግዚአብሔር አይንቀውም። ነገር ግን ሦስት ነገር እመክራችኋለሁ።

አንደኛ፥ ሐዘን የሚያልፉበት ሸለቆ እንጂ ቤት የሚሠሩበት ቦታ አይደለም። ሰው በቍስሉ ብዛት የሚከበርበት ጉባኤ ውስጥ ከገባ፥ መዳን ክብሩን የሚያሳጣው ይመስለዋል፤ ስለዚህም ቍስሉ ሊጠግ ሲጀምር መልሶ ይፍቀዋል። ከዚህ ተጠበቁ። ከዜማው በኋላ ልባችሁ ቀልሎ እንደ ሆነ፥ ወይም ከብዶ እንደ ሆነ፥ ራሳችሁን መርምሩ። ከብዶ ካገኛችሁት፥ ዜማውን አቁሙና ሰው ወዳለበት ውጡ።

ሁለተኛ፥ ለቅሶአችሁ የሚሰማው ይኑር። የመዝሙረኛው ለቅሶና የተስፋ ቢሱ ለቅሶ በዕንባው አይለይም፤ የሚለየው መዝሙረኛው አንተ ብሎ ወደ እግዚአብሔር በመናገሩ ነው። ቃል ቢያጥራችሁ፥ በዚያው ዜማ ውስጥ ልባችሁን የነካውን ነገር ይዛችሁ፥ ጌታ ሆይ፥ እኔም እንዲህ ነኝ በሉት።

ሦስተኛ፥ ከሰው አትሸሸጉ። ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ፥ መልአኩ አስቀድሞ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፥ እንዲተኛም ተወው፤ ደግሞም ቀስቅሶ መገበውና ለመንገዱ አበረታው። እናንተም ብሉ፥ ተኙ፥ ከምታምኑትም ሰው ለአንዱ ዛሬ ንገሩ። አንዱ ባይሰማችሁ፥ ወደ ሁለተኛው ሂዱ።

በ2022 በላስ ቬጋስ ከተማ የዚህ ሙዚቃ ታላቅ በዓል ተደርጎ፥ በልጅነታቸው ይህን ዜማ ይሰሙ የነበሩ ብዙ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። የበዓሉም ስም «ወጣቶች በነበርን ጊዜ» የሚል ነበረ። ለዘላለም የማያልፍ የመሰላቸው ያ ዘመን አልፎ፥ እነርሱ ግን ቀርተው ስለ እርሱ ሊያወሩ በቁ። የእናንተም የዛሬው ሌሊት እንዲሁ ያልፋል፤ ስለዚህ ቈዩ።

ለመመርመር የሚሆኑ ጥያቄዎች

፩. በዚህ ዓመት ሐዘኑን ሳልጠይቅ በልብሱ የፈረድሁበት ወጣት አለን?
፪. ልጄ ቢጨነቅ አስቀድሞ ወደ እኔ የሚመጣ ይመስለኛልን? ካልመሰለኝ፥ ያስፈራሁት በምንድር ነው?
፫. ሳኦል ከበገናው እረፍት አግኝቶ ሳለ ያልዳነው ስለ ምንድር ነው?
፬. ሐዘኔን የነገርሁት ሰው አለን? ከሌለ፥ ዛሬ ለማን እነግራለሁ?

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ አንብበህ በፈጸምህ ጊዜ፥ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ ካለ፥ ለስድብ ሳይሆን ለሰላምታ በሩን አንኳኳ። እርሱ ባይከፍትም፥ ያንኳኳው ማን እንደ ሆነ ያውቃል። ለሚያለቅሱ ያለቀሰው ጌታ ለአንተ የሚሰማ ጆሮን፥ ለእርሱም የሚጸና ተስፋን ይስጥ። አሜን።