የመተማ የአደጋ ዝግጅትና የምክር ቤት ቁጥጥር

ከጎንደር በሸኸዲ አልፎ እስከ መተማ ዮሐንስ የሚወርደውን መንገድ የሚመላለስ ነጋዴ፥ የዚያ ቈላ አደጋ የራሱ ወራት እንዳሉት ያውቃል። በሰኔ ዝናሙ ይገባል፤ ጭቃና ጐርፍ መንገዱን ያውካሉ። በመከር፥ ሰሊጥ ሲታጨድ፥ ከደጋ የወረደውን የቀን ሠራተኛ ወባ ይጥለዋል። በጋው ሲጠና ደግሞ ለክምሩና ለሣር ክዳኑ ቤት እሳት ይፈራል። ሰው የሚያመጣው አደጋ ግን ወር አይጠብቅም፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ በገላባት በኩል በዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰው ወደ መተማ ገባ፤ ጥቂት ወራት ቈይቶም በኩመር የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ታየ።

በሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 አደጋን የመከላከልን፥ ሲደርስም ርዳታን በጊዜው የማድረስን ኀላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲም ከአደጋ በኋላ እህል ከማደል ይልቅ አስቀድሞ መዘጋጀትን መረጠ። ዕቅዱን ማውጣትና መፈጸም የአስተዳደሩ ሥራ ነው፤ በጀቱን ማጽደቅና አፈጻጸሙን መመርመር ግን ሕዝብ የመረጠው የወረዳ ምክር ቤት ድርሻ ነው። ምክር ቤቱ እሳት አያጠፋም፤ የማጥፊያው ውኃ ከየት እንደሚቀዳ ግን ይጠይቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ከቀን መቍጠሪያ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይገባል፤ በዚያን ጊዜ የመተማ ክረምት አስቀድሞ ገብቷል። ለቦይ ጠረጋ ወይም ለመንገድ ጥገና በዐዲሱ በጀት የተያዘ ገንዘብ፥ ሲፈጥን እንኳ፥ ከጐርፉ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ ተመራጩ በሰኔው ስብሰባ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ዘንድሮው ክረምት ሳይሆን፥ ሥራው እስከሚመጣው ግንቦት ስለ መጠናቀቁ ነው። ለወባ መድኀኒትና ለበጋው እሳት ዝግጅት ግን የሐምሌው ገንዘብ በቂ ጊዜ አለው፤ እዚህ ላይ የቀን መቍጠሪያው ሰበብ አይሆንም።

ነጋዴው ለተመራጩ የሚያቀብለው ጥያቄም ከዚሁ ይወጣል። ባለፈው ዓመት ለዝግጅት ከተያዘው ስንቱ ወጣ፥ ምንስ ተገዛበት? ዕቅዱ ሲወጣ የመጋዘን ባለቤቶች ተጠይቀዋልን? በመጋዘኖቹ መካከል የውኃ ቦቴ መግቢያ አለን? ድንበሩ ድንገት ቢዘጋ ጭኖ የቆመው መኪና የት ይራገፋል? መልሱ በቃለ ጉባኤ ሊጻፍ ይገባል፤ በሚቀጥለው ሰኔ ጥያቄው ከዚያው መዝገብ ይነሣልና።