ያልተመዘገበ ወጪ፦ የ«ኦ» ክፍል የፋይናንስ ምንጭና ፍትሐዊነቱ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ለረጅም ጊዜ በከተማ የሚኖሩና የመክፈል አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ዕድል ሆኖ ቆይቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለደረጃው ዕውቅና ቢሰጥም፣ አገልግሎቱን በዋናነት ያቀርቡ የነበሩት የግል ባለሀብቶች፣ የሃይማኖት ተቋማትና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ መንግሥት በዘርፉ ያለውን ኃላፊነት አሰፋ። በአራተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ዘመንም (ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.) በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ የ«ኦ» ክፍል እንዲከፈት ተደረገ። በ2003 ዓ.ም. ከ5 በመቶ ብዙም ያልራቀው የደረጃው ጥቅል ተሳትፎ በ2007 ዓ.ም. ወደ 40 በመቶ ተጠግቷል።

በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድገት መመዝገቡ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አንድ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ያስነሣል፦ የመንግሥት የትምህርት በጀት በዚያው መጠን ሳያድግ ይህን ሁሉ ወጪ ማን ሸፈነው? ይህ አጭር ጽሑፍ የ«ኦ» ክፍል ወጪ ወደ ሌሎች ተሸጋገረ እንጂ አልቀረም፤ ባለመመዝገቡም በፍትሐዊነት ሊከፋፈል አልቻለም የሚል መከራከሪያ ያቀርባል።

የገንዘቡ ምንጭ

የአጠቃላይ ትምህርት መደበኛ ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች፣ ክልሎችም ለወረዳዎች ከሚያስተላልፉት ጥቅል ድጎማ ነው። ወረዳው ከሚደርሰው ገንዘብ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለሌሎችም ዘርፎች ይደለድላል። ለትምህርት ከተመደበው ውስጥ ሰፊው ድርሻ ለመምህራን ደመወዝ ስለሚውል ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው አነስተኛ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት በተማሪ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው የትምህርት ቤት ድጎማ ይህን ክፍተት በከፊል ሞልቷል።

የ«ኦ» ክፍል ወደ ሥርዓቱ የገባው እንዲህ የተጣበበ በጀት ላይ ተደርቦ ነው። በብዙ ወረዳዎች ወጪው ከአንደኛ ደረጃ ወጪ ጋር ተጠቃልሎ ስለሚያዝ ለብቻው ተነጥሎ አይታይም። የመማሪያ ክፍሉ የአንደኛ ደረጃው ነው፤ ርእሰ መምህሩና መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ። ልጆቹን የሚያስተምረው አመቻች አንዳንድ ቦታ በወረዳው ደመወዝ ይቀጠራል፤ ሌላ ቦታ ወላጆች በሚያዋጡት ገንዘብ ይከፈለዋል፤ አለዚያም ከአንደኛ ክፍል መምህራን አንዱ ሥራውን ደርቦ እንዲሠራ ይደረጋል። በዚህም ወጪው በሦስት ወገኖች ላይ ይወድቃል፦ በሚያዋጡት ወላጆች፣ ዝቅተኛ ክፍያ በሚቀበለው አመቻች፣ እንዲሁም ክፍሉንና መምህሩን በሚያጋራው አንደኛ ደረጃ ላይ።

የርካሽነቱ ምክንያት

የ«ኦ» ክፍል ከአጸደ ሕፃናት ይልቅ በአነስተኛ ወጪ የሚከናወን አማራጭ እንደሆነ በተደጋጋሚ ይነገራል። የነፍስ ወከፍ ወጪው ለምን እንደሚያንስ ግን መጠየቅ ይገባል። ለስሌት እንዲመች የአንድ አመቻች ዓመታዊ ክፍያ 48,000 ብር ነው እንበል። በክፍሉ 40 ልጆች ቢኖሩ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው የደመወዝ ወጪ 1,200 ብር ይሆናል፤ 80 ልጆች ቢኖሩ 600 ብር ብቻ ነው። ወጪው በግማሽ የቀነሰው አሠራሩ ስለተሻሻለ አይደለም። ልጁ ከአመቻቹ የሚያገኘው ትኩረት በግማሽ ስለቀነሰ ነው። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ የሚማረው በጨዋታ፣ በንግግርና በእጅ ሥራ በመሆኑ፣ የክፍሉ መጨናነቅ ትምህርቱን ፊደል በኅብረት ወደ ማስጮህ ያወርደዋል። እንግዲህ ርካሽ የሆነው አገልግሎት ሌላ አገልግሎት ነው ማለት ነው።

ስለ ትርፉ ሲነገር

የቅድመ ልጅነት ትምህርት አዋጭነት ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የተካሄደው የፔሪ ቅድመ ትምህርት ጥናት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጄምስ ሄክማንና ባልደረቦቻቸው የፕሮግራሙን ዓመታዊ የትርፍ ምጣኔ ከ7 እስከ 10 በመቶ ገምተውታል። ይህ ቁጥር በፖሊሲ ሰነዶች ውስጥ ሲጠቀስ ከጀርባው ያለው ወጪ አብሮ አይነሣም። በፔሪ ጥናት የተሳተፉት ልጆች 123 ብቻ ሲሆኑ ፕሮግራሙን ያገኙት 58ቱ ነበሩ። አንድ መምህር የሚይዘው ስድስት ያህል ልጆችን ነበር፤ መምህራኑ በሙያው የሠለጠኑ ሲሆኑ በየሳምንቱ የልጆቹን ቤት ይጎበኙ ነበር። ስለዚህ ትርፉ የዚያ ዓይነት ወጪ ትርፍ ነው። በአንድ ክፍል 80 ልጆችን አስቀምጦ የፔሪን ትርፍ መጠበቅ፣ ዘር ሳይዘሩ ምርት እንደ መጠበቅ ይቆጠራል።

ይህ ማለት ግን የ«ኦ» ክፍል ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በአገራችን ከፍተኛ ማቋረጥ ከሚታይባቸው ክፍሎች አንዱ አንደኛ ክፍል ነው። አንድ ልጅ አንደኛ ክፍልን ሲደግም መንግሥት ለአንድ ዓመት ትምህርት ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ሲያቋርጥም የተከፈለው ሁሉ ይባክናል። በቅድመ አንደኛ በሚገባ የተዘጋጀ ልጅ ይህን ብክነት ይቀንሳል። ቁም ነገሩ ቁጠባው የሚገኘው ዝግጅቱ እውነተኛ ሲሆን ብቻ መሆኑ ነው።

የፍትሐዊነት ጥያቄ

ወጪው በመዋጮ ላይ ሲመሠረት የአገልግሎቱ ጥራት የአካባቢውን ሀብት ይከተላል። ምርት በሰጠበት ዓመት አመቻቹ ይከፈለዋል፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ግን መዋጮው ይቋረጣል፤ ከዚያም አመቻቹ ሥራውን ይለቃል። በከተማ ወላጆች ለግል አጸደ ሕፃናት በየወሩ እየከፈሉ የሚያሟሉትን፣ በገጠር የሚተካው የመንግሥት በጀት ብቻ ነው። ድጋፉ እጅግ የሚያስፈልገው ልጅ በጣም ተለዋዋጭ በሆነው የገቢ ምንጭ ላይ እንዲንጠለጠል ተደርጓል።

ከዚህ ጋር የማይታይ ሌላ ወጪ አለ፤ እርሱም የእናቶችና የታላላቅ እኅቶች ጊዜ ነው። አገልግሎቱ ለግማሽ ቀን ብቻ ሲሰጥና ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሳያካትት ሲቀር፣ ሕፃናትን የመጠበቁ ሥራ ከእናቲቱ ወይም ከትምህርት ቤት ከምትቀረው ታላቅ ልጅ ትከሻ አይወርድም።

መደምደሚያ

እ.ኤ.አ. በ2022 በታሽከንት የተካሄደው ዓለም አቀፍ የቅድመ ልጅነት ጉባኤ አገሮች ከትምህርት በጀታቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለቅድመ አንደኛ እንዲመድቡ ጥሪ አድርጓል። የቅድመ አንደኛ ወጪ ከአንደኛ ደረጃ ተለይቶ ካልተመዘገበ ግን አንድ ወረዳ 10 በመቶ ይመድብ ወይም 1 በመቶ ማወቅ አይቻልም። በመሆኑም ሦስት እርምጃዎች ይታሰባሉ። አንደኛ፣ በወረዳ ደረጃ ለቅድመ አንደኛ የራሱ የበጀት ርእስ ይከፈትለት። ሁለተኛ፣ የአመቻቾች ክፍያ ከመዋጮ ወጥቶ በመደበኛ ደመወዝ ይተካ፤ የወላጆች መዋጮም ለመጫወቻና ለመማሪያ ቁሳቁስ ይዋል። ሦስተኛ፣ የትምህርት ቤት ድጎማው ቀመር ለድሃና ለሩቅ ቀበሌዎች ከፍ ያለ ክብደት ይስጥ።

ከሦስቱ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመጀመሪያው ነው፤ ብዙም ገንዘብ የማይጠይቀውም እርሱ ነው። የሂሳብ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ወጪ በወረዳው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ክርክር አይደረግበትም፤ በጀት ሲታጠፍም ማንም ሳያየው ቀድሞ ይቀራል።