በኤሌክትሪክ የሚበር ሠረገላ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ይደርሳልን?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ሰው ብቻ ይዞ፣ ያለ መንደርደሪያ ሜዳ ቀጥ ብሎ የሚነሣ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በራሪ መሣሪያ በልዩ ልዩ አገሮች እየተሠራ ለገበያ መቅረብ ጀምሯል። የዚህም መሣሪያ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በእጅ ስልክ አማካይነት እስከ ገጠር ከተማ ድረስ ስለሚደርስ፣ በምዕራብ ጎጃም የሚኖር ነጋዴም ሆነ የእጅ ሙያተኛ «ይህን አስመጥቶ ወይም በአገር ውስጥ አሠርቶ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል መመላለስ ይቻላልን?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ አስቀድሞ መልሱ ከሥዕል ሳይሆን ከቁጥር መገኘት አለበት፤ ቁጥሩም ማንኛውም የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ሊከታተለው የሚችል ነው።

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ የኬክሮስ መሥመር ላይ ናቸው ለማለት የሚቻል ስለ ሆነ፣ ከፍኖተ ሰላም በቀጥታ ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ የአየሩ ርቀት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚቀጥለው ስሌት ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ርቀት ነው።

በመጀመሪያ በብዙዎች ዘንድ በተዛባ ሁኔታ የሚነገረውን የሚዛን ጉዳይ ማስረዳት ይገባል። ፈታይ እንዝርቷን ስታሾረው፣ እንዝርቱ በሚሽከረከርበት ጊዜ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሽክርክሪቱ ሲደክም ያዘነብላል። ጄሮስኮፕ የሚባለው መሣሪያ መሠረቱ ይኸው ነው። ስሙን በ1852 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ፈረንሳዊው ሊቅ ሌዎን ፉኮ ነበር። በ1914 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ሎውረንስ ስፔሪ በፓሪስ አጠገብ በሴን ወንዝ ላይ ሲበር እጁን ከመሪው አንሥቶ፣ ረዳቱም በክንፉ ላይ ወጥቶ ሳለ፣ አይሮፕላኑ ሚዛኑን ሳይስት መሄዱን ለተመልካቾች አሳይቷል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በስፔሪ አይሮፕላን ውስጥ የነበሩት ተሽከርካሪ መንኰራኩሮች አይሮፕላኑን በጉልበታቸው አልደገፉትም። መዘንበሉን አመለከቱ እንጂ፤ ያቀናው ከእነርሱ ምልክት የተቀበለው የመሪው ክፍል ነበር።

ስለዚህ በበራሪው መካከል ከባድ መንኰራኩር ቢሽከረከር መሣሪያው አይገለበጥም የሚለው አሳብ ከስሕተት የመነጨ ነው። የተጠራጠረ ሰው የብስክሌት ጎማን ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎማውን አስሽከርክሮ ወደ ጎን ለማዘንበል ይሞክር፤ ጎማው ወደ ታሰበው ወገን በመሄድ ፈንታ ወደ ሌላ አቅጣጫ እጁን ሲጠመዝዘው ያገኘዋል። በአየር ላይ ያለ በራሪ ነፋስ ሲገፋው እንዲህ ያለ ጠምዛዛ ጓደኛ ቢኖረው አደጋው ይብሳል። ከዚህም ሌላ መንኰራኩሩ ክብደት ነው፤ ክብደት ደግሞ ወደፊት እንደሚታየው የዚህ ሥራ ዋና ጠላት ነው።

የዛሬው ጄሮስኮፕ መንኰራኩር የለውም። ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ በውስጡ ያለችው እጅግ ጥቃቅን የሲሊኮን አካል ያለማቋረጥ ትርገበገባለች፤ መሣሪያው ሲዞር የርግብግቢቱ አቅጣጫ ስለሚዛባ፣ የመዛባቱ መጠን የመዞሩን ፍጥነት ያስታውቃል። ጥሩ ጥሩ በሆኑት የእጅ ስልኮች ሁሉ ውስጥ ይገኛል፤ ዋጋውም ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ብቻውን ሲተው ጥቂት በጥቂት ስለሚስት፣ የምድርን ስበት የሚለይ ሌላ መለኪያ ይታከልለታል። አንዲት አነስተኛ ኮምፒዩተር የሁለቱን ምልክት በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ እያነበበች፣ ያዘነበለው ወገን ሞተር እንዲፈጥን፣ የሌላው እንዲዘገይ ታዛለች።

ኤሌክትሪክ የተመረጠበትም ምክንያት ከዚህ ይታያል። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሲጨመርለት ኃይሉን እስኪያወጣ ጊዜ ይፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ትእዛዙን በሴኮንድ ጥቂት መቶኛ ውስጥ ይፈጽማል። እንዲሁም አየር የማይተነፍስ በመሆኑ እንደ ቤንዚን ሞተር በደጋ ላይ አይታፈንም። በዚህ ረገድ ለጎጃም ከፍታ የተሻለው እርሱ ነው።

ጄሮስኮፑና ሞተሩ በዚህ ሁኔታ ከተጣመሩ በኋላ የሚቀረው የባትሪው ነገር ነው፤ ችግሩም ሁሉ የተከማቸው በዚያ ነው። ከአንድ ኪሎ ቤንዚን 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ሲገኝ፣ ከነማቀፊያው ከተመዘነ አንድ ኪሎ የሊቲየም ባትሪ የሚገኘው 0.16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የቤንዚን ሞተር ከተሰጠው ውስጥ ሩቡን ብቻ ለሥራ ቢያውል እንኳ፣ በኪሎ ሲተሳሰብ ከባትሪው ሃያ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ከዚህም በላይ፣ ስንቁን እየበላ የሚሄድ መንገደኛ ሸክሙ ይቀልለታል፤ ባትሪ ግን ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ክብደቱ ያው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተሳፋሪው 75 ኪሎ፣ አካሉና ሞተሮቹ 85 ኪሎ፣ ባትሪው 40 ኪሎ፣ በጠቅላላው 200 ኪሎ የሆነ በራሪ አለ እንበል። የእያንዳንዳቸው ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.13 ሜትር የሆነ ስምንት ውልብልቢቶች አሉት። ይህ በራሪ በባሕር ዳርቻ አየር ላይ ረግቶ ለመቆም 28 ኪሎዋት ያህል ኃይል ይፈልጋል። በፍኖተ ሰላም ግን አየሩ የሳሳ ነው፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ መደበኛ መጠን በመቶ 23 ያህል ያንሳል። ውልብልቢቱ የሚገፋው ነገር ሲያንሰው ይበልጥ መፍጠን ስለሚኖርበት፣ የሚፈለገው ኃይል ወደ 32 ኪሎዋት ከፍ ይላል። ባትሪው 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ አምስተኛው እጅ ለጥንቃቄ ቢቀመጥ 5.1 ይቀራል። ይህም በባሕር ዳርቻ ለ11 ደቂቃ፣ በፍኖተ ሰላም ለ9 ደቂቃ ተኩል ያህል የሚበቃ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ ፍጆታውም በዚያው ልክ ቢሆን፣ 13 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ መውረድ አለበት። ይኸውም ከመንገዱ ግማሽ ጥቂት አለፍ ብሎ በገበሬ ማሳ ላይ ማለት ነው።

«ባትሪው በእጥፍ ይጨመር» የሚል ሰው ይኖራል። ባትሪው 80 ኪሎ ሲሆን ጠቅላላው ክብደት 240 ኪሎ ይሆናል። ክብደቱ በመቶ 20 ሲጨምር የሚፈለገው ኃይል በመቶ 31 ስለሚጨምር፣ 42 ኪሎዋት ይደርሳል። ጊዜውም እጥፍ መሆኑ ቀርቶ 14 ደቂቃ ተኩል ብቻ ይሆናል፤ ርቀቱ 19 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። የባትሪው ዋጋ እጥፍ ሆኖ ቡሬ ገና አልተደረሰም።

በገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎችም ከዚህ ስሌት ብዙ አይርቁም። ኦክቶበር 21 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ቶማስ ዜንክል የተባለ ሰው በ16 ውልብልቢቶች በሚሠራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ ተቀምጦ ሲነሣ በአየር ላይ የቆየው 90 ሴኮንድ ነበር። ጄትሰን ዋን የሚባለው የስዊድን ሥራ 20 ደቂቃ ያህል እንደሚበር አምራቹ ይገልጻል። ሂሊክስ የሚባለው አሜሪካ ሠራሽ ግን 32 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ይነገርለታል። ልዩነቱ ክንፍ ያለው መሆኑ ነው። ጥንብ አንሣ ክንፉን ዘርግቶ ሳያርገበግብ ረጅም መንገድ ሲሄድ፣ ባለበት ረግታ የምትቆም ንብ ግን ያለማቋረጥ መርገብገብ አለባት፤ ክንፍ ያለውም በራሪ ከተነሣ በኋላ ሸክሙን ለክንፉ ስለሚያስረክብ ጉልበት ይቆጥባል። እንዲህ ያለው ቡሬን በወረቀት ላይ ይደርሳል። ሽያጩ በጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የተተመነው መነሻ ዋጋ ግን 190,000 ዶላር ነበር፤ ያውም አንድ ሰው ብቻ ለሚይዝና ጭነት ለማይጭን ዕቃ።

በአገር ውስጥ ይሠራ ለሚለው አሳብ መነሻ የሚሆን ታሪክ አይጠፋም። «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ በአዲስ አበባ ተሠርታ በረረች፤ በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ በ2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ራሳቸውን በራሳቸው አስተምረው፣ የፎልስዋገን መኪና ሞተር የገጠሙባት አይሮፕላን ሠርተው ነበር፤ የመጀመሪያው ሙከራ የተቋረጠው የውልብልቢቱ ማያያዣ በመሰበሩ ነው። ይህ ዝርዝር ለሙያተኛ ብዙ ይናገራል። ባለ ብዙ ውልብልቢት በራሪ ክንፍ ከሌለው ተንሳፍፎ ሊወርድ አይችልም፤ አራት ካሉት አንዱ ሲቆም ይገለበጣል። ስምንትና ከዚያ በላይ የሚደረግለትም አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ እንዲሸከሙት ነው። ሰው የሚነሣበትን መሣሪያ በብየዳ ቤት ሠርቶ መሞከር ድፍረት ሊባል ይችላል እንጂ ሥራ ሊባል አይገባውም።

ይሁን እንጂ ለሰው ያነሰው አሥር ደቂቃ ለማሳ ይበቃል። ያው ሞተር፣ ያው ጄሮስኮፕ፣ ያው ባትሪ ሰውየው ከላዩ ሲወርድለት አሥር ሊትር መድኃኒት ተሸክሞ በበቆሎ ላይ የሚረጭ መሣሪያ ይሆናል። ባትሪው ሲያልቅ በማሳው ዳር በሌላ ይለወጣል፤ ከተማ መድረስ አያስፈልገውም። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ በበቆሎ አምራች ወረዳዎች በጀርባ የሚታዘል መርጫ ምን ያህል እንደሚያደክም፣ መድኃኒቱም በረጪው ትንፋሽ ላይ እንዴት እንደሚመለስ የማያውቅ ገበሬ የለም። በክረምትም ወንዝ ሲሞላ፣ ጥቂት ኪሎ መድኃኒት ከአንዱ ገደል አፋፍ ወደ ማዶው ለማሻገር የሚፈለገው የጥቂት ደቂቃ በረራ ነው። በሩዋንዳ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክንፍ ያላቸው ሰው አልባ የኤሌክትሪክ አይሮፕላኖች ለሆስፒታሎች ደም ሲያደርሱ ቆይተዋል።

የነጋዴው ሂሳብ በዚህ ላይ ይጀምራል። ለአንድ ሙሌት የሚከፈለው የኤሌክትሪክ ዋጋ ትንሽ ነው፤ የሚያከስረው የባትሪው ማርጀት ነው። ሙሉ ጉልበቱን በአሥር ደቂቃ እንዲያወጣ የሚገደድ ባትሪ ከመኪና ባትሪ ፈጥኖ ያረጃል፤ በጥቂት መቶ ሙሌቶችም ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ በመዝገብ ላይ እንደ መኪና ጎማ አላቂ ዕቃ ሆኖ መያዝ አለበት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ በመሄዱ፣ የባትሪና የሞተር ጥገና የሚማር ወጣት በሁለቱም ወገን ሥራ ያገኛል።

ሰው አልባ አይሮፕላን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማስገባትም ሆነ ማብረር የተከለከለ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከፈቃዱም ሌላ የሕዝብ ነገር አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከአየር በተፈጸመ ጥቃት ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል፤ በዚህ አገር ከሰማይ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ለብዙ ቤተሰብ የእርሻ ድምፅ አይደለም። መርጫ የሚያስነሣ ማኅበር ቀኑንና ቦታውን አስቀድሞ ለቀበሌው ማስታወቅ፣ መሣሪያውንም በምድር ላይ ሳለ ለሽማግሌዎች ማሳየት ይኖርበታል።

ሻጭ ዘንድ የሚቀርብ ሰው አራት ነገሮችን በጽሑፍ እንዲሰጡት ይጠይቅ፤ እነዚህም ከነጭነቱ ጠቅላላ ክብደቱ፣ የውልብልቢቱ ስፋትና ብዛት፣ ባትሪው የሚይዘው ኪሎዋት ሰዓት፣ የበረራው ደቂቃም የተለካበት ከፍታና ሙቀት ናቸው። የተለካው በባሕር ወለል ከሆነ ለፍኖተ ሰላም ከአሥር ደቂቃው አንድ ደቂቃ ከሩብ ያህል ይቀነስ፤ ለቡሬ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ይበልጥ።