ሻንጣውን ተይውና ጫማሽን አድርጊ

አንቺ ልጅ፣ ትናንት በቪዲዮ ስናወራ ከኋላሽ የተቆለለው ካርቶን ምንድን ነው? ገና አምስት ሳምንት ቀርቷችሁ የለ! ባልሽ ዶክትሬቱን ጨርሶ ደብረ ማርቆስ ወደ ማስተማሩ ሊመለስ ነው፣ እሰይ፣ እልል ብለናል። አንቺ ግን ከአሁኑ ብርጭቆ በጋዜጣ መጠቅለል ጀምረሻል። ተይው ሆዴ። ሻንጣ በሁለት ቀን ይታሰራል። ሊድስን ካንቺ በፊት ኖሬባታለሁ፣ ጥያትም ደብረ ወርቅ ገብቻለሁ፤ ምን እንደሚቆጭ እኔን ጠይቂኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሄዲንግሊን በአውቶቡስ እያቋረጥኩ ሥራ ተመላልሻለሁ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ በ1872 ዓ.ም በ18 ዓመቱ ያረፈው እዚያው ሰፈር ነው። ይኼን መቼ አወቅሁ መሰለሽ? እዚህ መጥቼ፣ አንድ የክረምት ማታ ከሰል ዳር ተቀምጬ ሳነብ። መጽሐፉን ዘግቼ ራሴን ሰደብኩት። አሁን ልሂድ ብል የባንክ ወረቀት፣ የጥሪ ደብዳቤ፣ የአሻራ ቀጠሮ፣ ከዚያ ደግሞ «ለምን ትመለሻለሽ?» የሚል ጥያቄ አለ። አንቺ ግን የመኖሪያ ፈቃድሽ በእጅሽ ነው፤ የአውቶቡስ ሒሳብ ከፍለሽ ትደርሻለሽ። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዘሽ ሄዲንግሊን በእግር ዙሪያት። ምንም የተለየ ነገር ባታዪ ግድ የለም፣ ስሙን ብቻ ጥሪላቸው።

ቀጥሎ ዊንዘር። ልዑሉ የተቀበረው በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውስጥ ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው፤ መታሰቢያውም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የናስ ሰሌዳ ነው። ያለበትን ቦታ ዘበኞቹን ጠይቂ፣ አትፈሪ። አንድ ነገር ልብ በይ የኔ አበባ፤ እሁድ ለጎብኚ ዝግ ነው፣ የሚገባው ለጸሎት የመጣ ብቻ ነው። አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ ተጠይቆ፣ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ሳንነካ ማውጣት አንችልም ብሎ አልተቀበለም። ይኼን ለትልቁ ልጅሽ ንገሪው፤ ለትንሿ ግን «ሰባት ዓመቱ ላይ እናቱ ሞተችበት፣ በዚያው ዓመት ባሕር አሻግረው አመጡት» ካልሻት ይበቃታል። ታለቅስ ይሆናል። ታልቅስ።

ለንደንን በሁለት ቀን ጨርሺ። ዘመድ ቤት እደሩ፤ እንጀራ ይዘሽ ከሄድሽ በደስታ ነው የሚቀበሉሽ። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው፤ በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ የተዘረፈው የወርቅ ዘውድ የዚያ ቤት ንብረት ነው። የልዑሉ እናት የእቴጌ ጥሩወርቅም ቀሚስ አላቸው፣ ሁልጊዜ ላያወጡት ይችላሉ እንጂ። ከቤት ሳትወጪ በስልክሽ የትኛው ክፍል እንደሆነ እዪ፤ አለዚያ በዚያ ሁሉ አዳራሽ ልጆቹን ስትጎትቺ ዘውዱ ጋ ሳትደርሺ ጫማቸውን ያወልቁልሻል። የብሪቲሽ ላይብረሪን ብራናዎች ግን ተያቸው። የአንባቢ ካርድ ማውጣት አለ፣ ዝምታ አለ፤ ያንቺ ትንሿ ደግሞ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም።

ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ። እንዲያሳዩሽ እንዳትጠይቂ፤ ተለይቶ በተዘጋ ክፍል ናቸው፣ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም፤ እኛም ብንሆን ማየት አይገባንም። እኔ ልጄን ይዤ በደጁ ብቻ ነው ያለፍኩት። «እነዚህ ጥምቀት አይወርዱም?» አለኝ። ምን ልበለው? ደብረ ወርቅ በመጣን ዓመት ጥምቀት ላይ ታቦቱ በካህን ራስ ላይ፣ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ሲወጣ ሲያይ እጄን ጨምቆ ያዘኝ። ያን ቀን ምንም አላለም።

ባዝ የምትሄጂ ከሆነ ለፌርፊልድ ሀውስ ነው። ጃንሆይ ከ1929 እስከ 1932 ዓ.ም በስደት የኖሩበት ቤት ነው፤ ኋላ ለከተማው አረጋውያን መገልገያ ሰጥተውታል። ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። የሮማውያኑን መታጠቢያ ከውጭ አይተሽ እለፊ፤ ለአራት ሰው የሚጠይቁት ገንዘብ እዚህ ስንት ነገር ይሠራል መሰለሽ!

ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ የቤተሰብ ሬልካርድ ግዢ። የእናንተን ትኬት በአንድ ሦስተኛ፣ የልጆቹን በ60 በመቶ ይቀንሳል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭራሽ አይከፍልም። ዊንዘርንና ባዝን ከሄድሽበት ዋጋውን ይመልሳል። ጠዋት ሰው ሥራ በሚገባበት ሰዓት አትሳፈሪ፣ ውድ ነው።

ለዘመድ ሁሉ ሹራብ ልግዛ እያልሽ ቅዳሜሽን ገበያ ውስጥ አትጨርሺ፣ እባክሽ እህቴ። ለእማማ ሙቅ ካልሲ፣ ለንስሐ አባታችሁ ጥሩ ጃንጥላ፣ ለቀረው ቸኮሌት። «ምን አመጣሽልን?» ማለታቸው አይቀርም፤ ሰው ሲመጣ የሚባል ነገር ነው፣ ሳቂና እለፊ። ሚዛኑ ላይ ሻንጣ ከፍተሽ ከማልቀስ ይሻላል፤ እኔ አልቅሻለሁ።

አንድ ሙሉ ቀን ደግሞ ለልጆቹ ስጪ። ዓለማየሁ፣ ዘውድ፣ ጃንሆይ የሚባል ነገር የሌለበት ቀን። ለነሱ እንግሊዝ ማለት ራውንድሄይ ፓርክና እዚያ የሚመግቧቸው ዳክዬዎች ናቸው፤ ተሰናብተዋቸው ይምጡ። አንቺም አግዳሚው ላይ ተቀመጪ፣ ስልክሽን ቦርሳ ክተቺ። ሲመሽ ደጅ ለደጅ ለኖራችሁት አሮጊት ቡና አፍይላቸው። ስኒውን እዚያው ተይላቸው፣ ሻንጣሽም ይቀላል።

ኪርክስቶል ካለው ከፈረሰው ገዳም ግን አትቅሪ፣ አጠገብሽ ነው። ጣሪያ የለውም፣ መነኮሳቱ የተባረሩት በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ነው። ልጆቹ በባዶው መስኮት ሰማይ ይዩ። እዚህ ስትመጡ ጠዋት ደብረ ወርቅ ማርያም ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ቅዳሴው ሲረዝምባቸው ትዕግሥቱ የኔ ነው፣ አንቺ ተኚ።

በይ፣ ካርቶኑን ወደ ግድግዳው ግፊው። ከዊንዘር ስትመለሺ የሰሌዳውን ፎቶ ላኪልኝ፣ ልጆቹ ከፊቱ ቆመው። ማታ ላኪው፤ ቀን ቀን ኔትወርኩ አያሠራም።