ለጓሮ የሚሆን ለማዳ ዶሮ እንዴት እንምረጥ?

የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ መሆን የራሱ ዕዳ አለው። ለእረፍት ቤት በገባን ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ «አንተ ተምረኸዋል፣ እስቲ የትኛውን ዶሮ ልግዛ?» ይለናል። አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን መልስ የእንቁላል ቁጥር ነው፤ «በዓመት 300 የምትጥለውን ግዙ» ብለን እንገላገላለን። እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ «ዶሮዋ እጅ ትገባለች ወይ?» የሚለው ነው ባይ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ ለማዳ ዶሮ ማለት ምን እንደሆነ፣ ለጓሮ አርቢ ለምን እንደሚጠቅም፣ በአገራችን ከሚታወቁት ዝርያዎችም የትኛው ለየትኛው ጓሮ እንደሚስማማ ባጭሩ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ለማዳነት ምንድን ነው?

ለማዳ ዶሮ ማለት ሰው የምትወድ ዶሮ ማለት አይደለም። ሰው ሲቀርባት የማትደነብር፣ ስትያዝ ሳትንፈራገጥ የምትረጋ፣ ከሌሎቹም ጋር ያለ ብዙ ጠብ የምትኖር ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለይተን ማየት አለብን፤ አንዱ ፍርሃት ነው፣ ሌላው ጠበኝነት ነው። ሰው የማይፈራ ዶሮ ሁሉ ለማዳ አይደለም። ልጆች ላይ እየዘለለ የሚያስቸግር አውራ ዶሮ ፈሪ አይባልም፣ ለማዳም አይባልም።

በዶሮዎች መካከል ስላለው ጠብ ቀድሞ በሚገባ የጻፈው ኖርዌጂያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናቱ ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ተራ እንዳላቸው አሳይቷል። ተራው አንዴ ከተያዘ መንጋው ይረጋጋል። አዲስ ዶሮ በገባ ቁጥር ግን መናቆሩ እንደገና ይጀመራል። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት እያሉ መግዛት የማይመከረውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ ጸባይ ይወረሳል ወይ? አዎ፣ ይወረሳል። አሜሪካዊው ዊልያም ሙየር በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን በግል ውጤታቸው ሳይሆን በአንድ ሳጥን ውስጥ አብረው በሚኖሩበት ቡድን ውጤት እየመረጠ አራባ። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፍ በጥቂት ትውልድ ውስጥ የዓመቱ ሞት ከ68 በመቶ ወደ 9 በመቶ ገደማ መውረዱን ገልጿል። ስዊድን ውስጥ በሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የቤት ዶሮ የተገኘችበትን ቀይ የዱር ዶሮ ሰውን ባለመፍራቷ ብቻ እየመረጡ ሲያራቡ፣ ልጆቿ በክብደት እየጨመሩና የበሉትን መኖ በተሻለ ሁኔታ ወደ ሥጋ እየለወጡ መጥተዋል። ስለዚህ ጸባይ ከምርት ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም።

ለማዳ ዶሮ ለምን?

ዋናው ምክንያት ክትባት ነው። የጓሮ ዶሮን ከሁሉ በላይ የሚጨርሰው ፈንግል ነው። ክትባቱ አለ፤ ቢሾፍቱ በሚገኘው የክትባት አምራች ተቋም አገር ውስጥ ይመረታል። ከሚሰጥባቸው መንገዶች አንዱ ዓይን ላይ ጠብ ማድረግ ነው፤ በዚህ መንገድ እያንዳንዷ ዶሮ ድርሻዋን ማግኘቷ ይታወቃል። ነገር ግን ዓይኗ ላይ ጠብ ለማድረግ መጀመሪያ መያዝ አለባት!

አክስቴን ለምሳሌ ላንሳ። የምትኖረው ከተማ ውስጥ ነው፤ ሁለት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። ዘጠኝ የሀበሻ ዶሮዎች ነበሯት። ከታህሣሥ ወር በአንዱ ቀን ከታቢ ወደ ሰፈሩ መጣ፤ ዶሮዎቹ ግን ግማሾቹ ጎረቤት አጥር ላይ፣ ግማሾቹ ዛፍ ላይ ሆነው አልያዝ አሉ። ሁለቱ ብቻ ተከተቡ። ከሁለት ወር በኋላ ፈንግል ገባና ያልተከተቡትን ሰባቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨረሳቸው። ለልጆቹ ቁርስ የሚሆን እንቁላልም፣ ለፋሲካ የሚሸጥ ዶሮም አብሮ ሄደ። እንግዲህ ለማዳነት ለጌጥ የሚፈለግ ነገር አይደለም የምለው ይህን አይቼ ነው። ያልተያዘች ዶሮ አትከተብም፣ ቅማልና ቁስል አለባት ወይ ተብላ አትታይም፣ ስትታመምም ከሌሎቹ ቶሎ አትለይም።

ሁለተኛው ምክንያት ልጆች ናቸው። በጓሮ እርባታ እንቁላል የሚለቅመውና ውኃ የሚቀይረው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ጠበኛ አውራ ዶሮ ደግሞ የሚዘለው በትንሽ ልጅ ፊት ቁመት ልክ ነው፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ዝርያዎቹ በጸባይ ሲታዩ

የውጭ ዝርያዎች ወደ ዓለማያና ጅማ የግብርና ትምህርት ቤቶች መግባት የጀመሩት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መጥቷል። ዋና ዋናዎቹን በጸባያቸው ላስቀምጥ።

ዋይት ሌግሆርን፦ መነሻዋ ጣሊያን ነው። ቀላል ክብደት ያላት፣ ነጭ እንቁላል በብዛት የምትጥል ናት። ነገር ግን ድንጉጥ ናት፤ ባልዲ ሲወድቅ እንኳ ግድግዳ ትወጣለች። አጥርም ትዘላለች።

ፋዩሚ፦ የግብፅ ዶሮ ናት። በሽታን በመቋቋምና ጭራ በመብላት የተመሰገነች ናት። ለመያዝ ግን አስቸጋሪ ናት፤ ስትያዝም ሰፈር እስኪሰማ ትጮኻለች።

ሮድ አይላንድ ሬድ፦ ከአሜሪካ የመጣች ቀይ ዶሮ ናት። ሴቶቹ የተረጋጉ ናቸው። ከወንዶቹ ግን ጠበኛ የሚሆኑ አሉ፤ ልጅ ባለበት ግቢ አውራውን አለማስገባት ይሻላል።

ቦቫንስ ብራውን፦ ለእንቁላል ተብላ የተዳቀለች ናት። በጥሩ አያያዝ በዓመት 300 ያህል ትጥላለች፣ ሰውም ቶሎ ትለምዳለች። ሆኖም በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። ስድስት ዶሮ ቢኖረን በወር ወደ 20 ኪሎ ገደማ መኖ ማለት ነው። አትታቀፍም፤ ስለዚህ ጫጩት ከሷ አይጠበቅም።

ኮኮክ፦ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፖቸፍስትሩም ላይ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተገኘች ዝርያ ናት። መልኳ የእኛው ገብስማ ነው። ለእንቁላልም ለሥጋም ትሆናለች፣ እርጋታም አላት። አንድ ትልቅ ጥቅም አላት፦ ጫጩቶቹ ገና ሲፈለፈሉ ወንዱ አናቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ ሴቷ ጥቁር ናት። ስለዚህ ሴቶቹን ብቻ መርጦ መግዛት ይቻላል።

ሳሶ፦ የፈረንሳይ ዶሮ ናት። ከባድና ዝግተኛ ስለሆነች ልጅም ይይዛታል። ግን በላተኛ ናት።

ሆሮ፦ የእኛው የሀገረሰብ ዶሮ ሆና ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ውስጥ በምርጫ የተሻሻለች ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የአፍሪካ ዶሮ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮግራም በአርሶ አደር ጓሮ ከሞከራቸው ዝርያዎች መካከል ሆሮ፣ ኮኮክና ሳሶ ይገኙበታል።

የሀበሻ ዶሮ፦ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ገደማ ነው። ግን ትታቀፋለች፣ በ21 ቀን ጫጩቷን ታወጣለች፣ ታሳድጋለችም። ንቁ ናት፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን ሰብስባ ትደበቃለች።

እንግዲህ የትኛዋን?

እዚህ ላይ አንድ የሚጋጭ ነገር አለ። ዶሮዋ እንድትያዝልን የሚያደርጋት እርጋታ ለጭልፊትና ለሸለምጥማጥም ያው ነው። ሜዳ ላይ ተለቅቃ የምትውል ሳሶ ከሰው ብቻ ሳይሆን ከጭልፊትም አትሸሽም። አጥር በሌለበት የገጠር ግቢ «ለማዳ ናት» ብሎ የሀበሻዋን ሽጦ ሳሶ ማስገባት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ስለዚህ ምርጫው ዝርያ ብቻ ሳይሆን ዝርያና አጥር አንድ ላይ ነው። አጥርና የማታ ቤት ካለ የተረጋጋችውን እንምረጥ። ከሌለ የሀበሻዋን ወይም ሆሮን ይዘን፣ ማታ ማታ ቆጥ ላይ ሳሉ በጨለማ የመያዝ ልምድ እናዳብር። ዶሮ በጨለማ ስለማታይ ያን ጊዜ ትረጋለች፤ ክትባቱም ያኔ ሊሰጥ ይችላል።

አክስቴ እቁቧ ሲወጣላት የመከርኳት በዚሁ መንገድ ነው። ግቢዋ ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው፤ መኖ በየወሩ ለመግዛት ግን አቅሟ ውሱን ነው። ስለዚህ ቦቫንሷን ትተን አምስት የኮኮክ ቄቦች ገዛን። «ያለ አውራ እንዴት ይጥላሉ?» ብላኝ ነበር። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ነው፤ ለሚበላ እንቁላል አያስፈልግም። ተከራዮቹም ከሌሊት ጩኸት ተገላገሉ። ክትባቱን ከሦስት ጎረቤቶች ጋር በአንድ ቀን አስከተበች፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆንና ከተከፈተ በኋላ ስለማይቆይ በጋራ መግዛቱ ያዋጣል። አምስቱን ዶሮዎች አንድ በአንድ እየያዘች ያቀበለችው ትልቋ የልጅ ልጅ ናት።

ስንገዛና ከገዛን በኋላ

ዝርያ ሁሉንም አይወስንም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥም ድንጉጥና የተረጋጋች አለች። ስለዚህ ስንገዛ ወደ ዶሮዎቹ ቀስ ብለን እንቅረብ፤ ጥግ ይዘው የሚረጋገጡትን እንተው። በትምህርት ክፍላችን የምንማረው ሌላ ዘዴም አለ። ቄቧን በጀርባዋ አስተኝተን 15 ሰከንድ በእርጋታ ይዘን እንለቃለን። ቶሎ የምትነሳው ፍርሃቷ ያነሰ ነው። ደርቃ የምትቆየው «እንዴት ደስ የምትል ጨዋ ናት» ተብላ እንዳትገዛ፤ ዝም ያለችው በፍርሃት ነው።

ጫጩት ከሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በእጅ መያዝና በእጅ ማብላት ፍርሃታቸውን በጣም ይቀንሳል። ማሯሯጥና በእግር አንጠልጥሎ መውሰድ ግን የለመደችውንም ያስበረግጋል። ማደሪያውን በተመለከተ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ዶሮ በቂ ነው፤ ሲጣበቡ ለማዳዎቹም መናቆር ይጀምራሉ።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ። ለማዳ ስለሆነች ቤት ውስጥ ከሰው ጋር አትደር። ከኢትዮጵያ ገጠር በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሲሆኑ፣ ዶሮዎቹ ሰው በሚተኛበት ቤት የሚያድሩ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም ይጠፋል። ስለዚህ የራሷ ማደሪያ ይኑራት፤ ልጆችም ከነኳት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው እረፍት «የትኛውን ዶሮ ልግዛ?» ስንባል እኛም መልሰን እንጠይቅ፦ አጥር አለዎት? መኖ የመግዛት አቅም አለዎት? ዶሮዎቹን የሚይዛቸው ማን ነው? ከሦስቱ መልሶች በኋላ የዝርያው ስም ራሱ ይመጣል።