ልጁ አፉን ካልፈታ ጆሮውን እዩለት

ወላጆች ሆይ! ልጅ አፉን የሚፈታው በምላሱ ብቻ አይደለም፤ በጆሮው ጭምር ነው። ያልሰማውን ቃል ከየት አምጥቶ ይናገራል? ስለዚህ ከንግግር ሕክምና በፊት የመከላከል ሥራ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. እንደገለጸው፣ በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር ከመቶ 60 ያህሉን መከላከል ይቻላል።

ኩፍኝና ማጅራት ገትር ያደነቁራሉ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ ቀኑን አታሳልፉ።

ጆሮው መግል ካወጣስ? «ጥርስ ሲያበቅል ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ቆይቶ መስማትን ይቀንሳል። ቅቤም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አታንጠብጥቡበት። ንጹሕና ፈሳሽ የሚመጥ ጨርቅ ጠምዝዛችሁ ጆሮው ውስጥ አድርጉ። ሲርስ አውጡና ሌላ ተኩ፤ ጆሮው እስኪደርቅ ድረስ ደጋግሙ። ይህን በቀን 3 ጊዜ አድርጉ፤ ልጁንም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

መስማቱን ለማወቅ ከጀርባው ቁሙ። ሳያያችሁ በዝግታ ስሙን ጥሩ። ደጋግማችሁ ጠርታችሁት ካልዞረ ይመርመር። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት አንድም ቃል ካልወጣው፣ 2 ዓመት ሞልቶት «ወተት ስጪኝ» ብሎ ሁለት ቃል ካላጋጠመም እንዲሁ። «አባቱም የተናገረው ዘግይቶ ነው» የሚል አይጠፋም። ቢሆንስ፣ ማስመርመር ምን ይጎዳል? እንጥል ማስቆረጥ ግን ደም ያፈሳል እንጂ አፍ አያስፈታም።

ደግሞ አናግሩት። ላም ስታልቡ፣ እንጀራ ስትጋግሩ የምትሠሩትን ንገሩት። ከጠየቃችሁት በኋላ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ መልሱን አትንጠቁት።