ቴላዮውን ገልብጠው

ልጄ፣ ከአጣዬ የመጣውን አሮጌ ኮርስ ብስክሌት ገና ከሩቅ አይተህ «የጣሊያን ነው» አልክ። አልፈርድብህም። ቴላዮ፣ ፎርኬላ፣ ካቴና፣ ፔርኖ፣ ካምቢዮ፤ አፋችን ላይ ያለው ቃል ሁሉ የጣሊያን ስለሆነ ብረቱም ከዚያው የመጣ ይመስለናል። የጣርማ በርን ዋሻ ፈልፍለው የደሴን መንገድ የዘረጉት ሰዎች የጥገናውን ቋንቋ ትተውልን ሄደዋል። እዚህ ሸዋ ሮቢት፣ ከመንገዱ ዳር በእጄ ካለፉት ኮርሶች መካከል ግን የእንግሊዝም፣ የፈረንሳይም፣ የጃፓንም ነበሩ። እንዴት እንደምትለያቸው ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ገልብጠው። ኮርቻውና መሪው መሬት ይንኩ። የፔዳሉ ፔርኖ የሚያልፍበትን አጭርና ወፍራም ቱቦ ታያለህ። የቆላው አቧራ ከግራሶ ጋር ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ጠንክሮበታል። ላምባ የነካ ጨርቅ ጠቅልለህ እስኪለሰልስ ጠብቅ፤ በቢላ አትፋቀው። ቁጥሩ የተመታው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ቢላ ደግሞ የቁጥሩን ጠርዝ ይበላዋል። ያገኘኸውን ቁጥርም ፊደልም ሳትመርጥ ጻፍ።

2. የዚያን ቱቦ ወርድ በካሊፐር ለካ። 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ ጣሊያን አድላ። 68 ከሆነ ገና አልጨረስክም፤ እንግሊዝም ፈረንሳይም ጃፓንም በዚህ ልክ ሠርተዋል። የሚለያቸው በቱቦው ውስጥ የተቀረጸው ጥርስ ነው። የጣሊያኑ ጥርስ በዲያሜትር 36 ሚሊ ሜትር፣ የፈረንሳዩ 35 ነው፤ ሁለቱም በግራም በቀኝም እንደ ማንኛውም ቡሎን ይፈታሉ። እንግሊዝና እሱን የተከተለው ጃፓን ግን በካቴናው በኩል ያለውን ገልብጠው ሠርተውታል፤ የሚፈታው ስታጠብቅ በምታዞርበት አቅጣጫ ነው።

ይህን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። በአንተ ዕድሜ ሳለሁ አንድ የቆላ ገበሬ ማሾ ሸጦ የገዛውን ኮርስ አመጣልኝ። «የጣሊያን ነው» ብዬ ወርዱን ሳልለካ መፍቻ አስገባሁ። አልፈታ ሲለኝ መፍቻው ላይ ቧንቧ ቀጥዬ ተንጠለጠልኩበት። ጠጠር ላይ እንደሚሄድ ጎማ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ጥርሱ ተላጠ። ለካስ የፈታሁ እየመሰለኝ ሳጠብቅ ኖሬያለሁ። የእንግሊዝ ቴላዮ ነበር። ሰውየው ምንም አላለኝም፤ ዝም ብሎ በትከሻው ተሸክሞት ሄደ። ያ ትከሻ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

3. የኋላው ጎማ ሞዞ (እምብርቱ) የሚገባበትን ክፍተት ለካ፤ ዕድሜውን ከሁሉ ቀድሞ የሚነግርህ እሱ ነው። 120 ሚሊ ሜትር የባለ አምስት ማርሽ ዘመን ነው፤ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ውሰደው። 126 የባለ ስድስትና ባለ ሰባት፣ በተለይም የ1980ዎቹ ነው። 130 ከሆነ ወደ 1990 ቀርበሃል ወይም አልፈኸዋል። ሆኖም ብረት ይለጠጣልና፣ አንድ ሰው አዲስ ጎማ ለማስገባት ከፍቶት እንዳይሆን ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውን በክር አረጋግጥ።

4. ቀለምና ጽሑፍን እመን፤ ግን በመጨረሻ። ሰማያዊ አረንጓዴ የተቀባ ሁሉ የጣሊያኑ ፋብሪካ የቢያንኪ ሥራ አይደለም። ሌላውን የጣሊያን ኮርስ፣ ሌኛኖን፣ ግን ቀለሙ ቢላጥም የምትይዝበት አለ፤ የኮርቻውን ዘንግ የሚያጠብቀው ቡሎን በኋላ ሳይሆን በፊት በኩል ነው።

5. ዕቃው የራሱን ዓመት ይናገራል፤ የቴላዮውን ግን አይደለም። ካምቢዮ ይቀየራል። የሺማኖ ዕቃ ጀርባ ላይ ሁለት ፊደል ተመትቶ ታገኛለህ። የመጀመሪያው ዓመቱን ይነግርሃል፤ ኤ 1976፣ ቢ 1977 እያለ ይቀጥላል። ሁለተኛው ወሩ ነው። በአሮጌው የካምፓኞሎ የኋላ ካምቢዮ ላይ ደግሞ «ፓት» ከሚለው ቀጥሎ የዓመቱ ሁለት አኃዝ አለ። ፋብሪካ የሚጽፈው በፈረንጅ ዓመት መሆኑን አትርሳ፤ እኔም እዚህ የጠቀስኩልህ በእነሱ ነው። ባለቤቱ «በስልሳ ስምንት ተገዛ» ካለህ ሰባት ወይም ስምንት ደምር።

6. ባለቤቱን በአክብሮት ስማ፤ ከዚያ መልሰህ ለካ። አንድ ሽማግሌ ኮርሳቸውን «የገረመው ደንቦባ ዘመን ነው» ብለውኝ ነበር። ገረመው በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተካፈለችበት ኦሎምፒክ፣ በብስክሌት የጎዳና ውድድር የተሰለፈው ጀግናችን ነው። ቴላዮው ግን የካምቢዮው መያዣ በቱቦው ላይ ተበይዶ የተሠራ ነበር፤ በገረመው ዘመን መያዣው በአብዛኛው በቀለበት ነበር የሚታሰረው። ሽማግሌውን አላሳፈርኳቸውም። «አባቴ፣ እርስዎ እንዳሉት ጥሩ ብረት ነው፤ ዕድሜው ግን ከልጅዎ ዕድሜ ጋር ይቀራረባል» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እንዲያውም የበለጠ ወደዱት።

7. ቀለም አትቀባ። ዝገቱን አቁም፣ ዘይት ቀባው፣ ተወው። የለካኸውን ሁሉ፣ ወርዱን፣ ክፍተቱን፣ ቁጥሩን፣ ባለቤቱ የነገረህን ሳይቀር በትንሽ ወረቀት ጻፍና በፌስታል ጠቅልለህ የኮርቻው ዘንግ በሚገባበት ቱቦ ውስጥ ክተተው። የአጣዬውን ኮርስ ዘንግ ስታወጣ ወረቀት ብታገኝ አትደንግጥ፤ የእኔ ጽሕፈት ነው። ከዚያ በታች ያንተን ጨምርበት።